ባሕሩን ለመሻገር አይቸኩሉ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ካርፐንተር ይባላል። አማቴ በሕይወት ሳሉ «እኛ እኮ ዘራችን ከጀርመን ነው። ሦስት ወንድማማቾች በ1749 ፊላደልፊያ ደረሱ፤ ወደቡ ላይ ስማቸውን ቀየሩባቸው» ይሉ ነበር። በእጄ ያለው የአንድ ምንጅላት ኑዛዜ ግልባጭ ብቻ ነው። በ1786 በፔንሲልቬንያ፣ በርክስ ካውንቲ የተጻፈ ነው። የመጡበትን መንደር አግኝቼ ለልጆቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)
የካርፐንተር ቤት ምራት

መልስ፦ እህቴ፣ ኑዛዜ ይዘው መነሳትዎ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ጀርመን ያለውን መንደር ለጊዜው ይርሱት። ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

የባለቤቴ ወገኖች ሽናይደር ነበሩ። በመርከብ ዝርዝር ላይ «ዮሐን ጌኦርግ ሽናይደር» የሚል ስም አገኘሁና በቀጥታ በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ወዳለው ወደ ፓላቲኔት ግዛት የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ገባሁ። በአንድ መንደር የዚያው ስም ጥምቀት አገኘሁ፤ ዕድሜውም ገጠመልኝ። ዓመት ሙሉ የዚያን ቤተሰብ አያት ቅድመ አያት ስቆጥር ከረምኩ። አንድ ማታ ገጹን አጉልቼ ሳየው ከስሙ ጎን በቀጭን ቀለም የተሳለች መስቀል አለች። ቄሶቹ ልጅ ሲሞት ከጥምቀቱ ጎን እንዲህ ምልክት ያደርጉ ነበር። የቀብር መዝገቡን ስገልጥ ሕፃኑ በሁለት ዓመቱ ተቀብሯል። ለማላውቀው ልጅ አለቀስኩ። የእኛ ሰው እሱ አልነበረም።

ስህተቴ ስም ብቻ ይዤ ባሕር መሻገሬ ነው። በዚያ ዘመን የወንድ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ስም ዮሐን ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ሰውየው የሚጠራው በሁለተኛው ስሙ ነው። ሽናይደር፣ ሙለር፣ ዚመርማን ደግሞ የሙያ ስሞች ስለሆኑ በየመንደሩ ሞልተዋል።

አማትዎ ስለ ወደቡ የነገሩዎትን ብዙ ቤተሰብ ይናገረዋል፤ ግን ወደብ ላይ ስም የሚቀይር ቢሮ አልነበረም። ዚመርማን በጀርመንኛ አናጢ ማለት ነው፤ ካርፐንተር ትርጉሙ ነው። ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ጎረቤት ይተረጉመዋል፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደሰማው ይጽፈዋል። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ዚመርማን፣ በመሬት ወረቀት ካርፐንተር ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ይፈልጉ።

አሁን ወደ ኑዛዜው። የእርስዎ ግልባጭ ጸሐፊው መዝገብ ላይ የገለበጠው ከሆነ ፊርማ የለውም። የካውንቲውን የኑዛዜ ቢሮ ዋናውን ወረቀት ይጠይቁ። ፊርማው ለምን አስፈለገ? ከ1727 ጀምሮ ፊላደልፊያ የሚደርሱ ጀርመናውያን፣ 16 ዓመት የሞላቸው ወንዶች፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን ምለው ይፈርሙ ነበር። መጻፍ የማይችል ምልክት ያደርጋል፤ ስሙን ጸሐፊው ይጽፍለታል። ዝርዝሮቹ በ1934 «ፔንሲልቬንያ ጀርመን ፓዮኒርስ» በሚል ርዕስ በሦስት ቅጽ ታትመዋል። ሁለተኛው ቅጽ የፊርማዎቹን ምስል የያዘ ነው። ሰውዎ በ1749 የፈረመውን «Z» ፊደል በ1786 ከፈረመው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩት ብዙ ነገር ይገባዎታል። ሴቶችና ሕፃናት ግን እዚያ የሉም ማለት ይቻላል።

እነሱን የሚያገኟቸው በጥምቀት መዝገብ ነው። የኔ ምክር ዋናው ቦታ እዚህ ነው፤ የክርስትና አባትና እናቶቹን ይመልከቱ። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አልመጡም። ከአንድ አካባቢ ተጠራርተው በራይን ወንዝ ወርደው፣ ሮተርዳም ላይ ተሳፍረው፣ በእንግሊዝ ወደብ በኩል ተሻግረው፣ ጎን ለጎን መሬት ያዙ። ልጅ ሲወለድ ክርስትና የሚያነሱት እህት፣ የወንድም ሚስት፣ የድሮ ጎረቤት ናቸው። የእኛን ቤት በር የከፈተችው አንዲት የክርስትና እናት ናት። «ሙለሪን» ተብላ ተጽፋለች። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢን» የሴት ምልክት ናት፤ ስሟ ሙለር ነው ማለት ነው። ቄሱ የባሏን መቃብር ሲመዘግብ የትውልድ መንደሩን ጽፎት ነበር። ሽናይደሮችንም እዚያው መንደር አገኘኋቸው።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ካጡ ተስፋ አይቁረጡ። ቄስ ጥቂት ነበር፤ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን እዚያ ያደራጀው ቄስ ሙለንበርግ እንኳን የደረሰው በ1742 ነው። ዮሐን ካስፓር ሽቶቨር የሚባለው ቄስ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ያጠምቅና ያጋባ ነበር፤ ከ1730 እስከ 1779 የያዘው መዝገብ ለእኛ ሀብት ነው። ሉተራን ናቸው ብለውም ሪፎርምድ የሚባለውን ሌላውን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አይዝለሉ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰቡ ነበር።

በርክስ ካውንቲ የተቋቋመው በ1752 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ወረቀት በፊላደልፊያ፣ በላንካስተር ወይም በቼስተር ስም ነው የሚገኘው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ካላንደር ቀይራ 11 ቀን ዘልላለች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ቀኖችን ሁለቴ ያጣሩ። ሁለት ካላንደር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም መቼስ።

ከደረሱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከጠፉብዎት አይደንግጡ። የመርከብ ክፍያ ያልቻለ ሰው ዕዳውን በዓመታት አገልግሎት ይከፍል ነበር። አገልጋይ ደግሞ መሬት የለውም።

ይህን ሁሉ ከሰበሰቡ በኋላ ነው ባሕሩ የሚሻገረው። ያኔ የሚፈልጉት ዚመርማንን ብቻ አይሆንም፤ ዚመርማን፣ የሚስቱ አባት ስምና የክርስትና እናቲቱ በአንድ መዝገብ ላይ ሲገናኙ ነው መንደሩ ያ ነው የሚሉት። ከዚያም ሰውዎ እዚያው አለመቀበሩን ያረጋግጡ። ብዙዎቹ ለመውጣት ከገዢያቸው ፈቃድ መጠየቅና መክፈል ነበረባቸው፤ የፈቃድ መዝገቦቹ በጀርመን መንግሥት ቤተ መዛግብት አሉ። በፓላቲኔት ከ1689 በፊት ወደ ኋላ መሄድ ግን ሊከብድ ይችላል፤ የፈረንሳይ ጦር ከተሞቹንና ብዙ መንደሮችን አቃጥሏል።

እስከዚያው ኑዛዜውን እንደገና ያንብቡና የምስክሮቹን ስም ይላኩልኝ። ከታች በኩል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። ከእነሱ እንጀምር።