«አላዋንስ» አበል አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከደብረ ማርቆስ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል። አንድ የውጭ የክሪፕቶ ድርጅት ለርቀት ሥራ ኢንተርቪው ጠርቶሻል፤ የቀረሽ ሁለት ሳምንት ነው። «ስለ ክሪፕቶና ዲፋይ ለመነጋገር ጠንከር ያለ እንግሊዝኛ እንዴት ልያዝ? ባሕር ዳር የሚሰጠው ኮርስስ ያዋጣል?» ብለሻል። ከላይ «ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል» ብለው የመለሱልሽን እለፊያቸው። እኔ በዚሁ ነገር ገንዘብም እንቅልፍም አጥቻለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ብሎክቼይን ምንድን ነው፣ ዋሌት እንዴት ይከፈታል የሚለው ውስጥ አልገባም። ያንን ታውቂዋለሽ። ለሌላው አንባቢ ግን፦ ብሎክቼይን ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል የጋራ መዝገብ፣ ዋሌት የክሪፕቶ ቦርሳ፣ ዲፋይ ደግሞ ያለ ባንክ በኮድ የሚሠራ ብድርና ግብይት ነው። ስለ እኔ ይህን ብቻ እወቂ፦ ቡሬ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በግራመር የሚረታኝ ሰው በወረዳው አልነበረም። ጉራ አይደለም፣ ጠይቂ። የተበላሁት ግን በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ሁለቱንም በጠመኔ ጽፌ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያቸዋለሁ።

1. ኮርሱን ተዪው። 3,500 ብር ከፍዬ፣ ሦስት ቅዳሜ ከቡሬ ባሕር ዳር እየተመላለስኩ ተምሬዋለሁ። የሰጡን ጥራዝ አምስት መቶ ቃል በፊደል ተራ የተደረደረበት ነው። ትርጉሙን የሠራው ስልክ እንደሆነ የገባኝ «ሚንት» ጋ ስደርስ ነው። «ናና» ይላል። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ናና! አዲስ ቶክን፣ ማለትም ዲጂታል ሳንቲም፣ ማውጣት ማለት እኮ ነው፤ ቃሉ ሳንቲም ከሚቀረጽበት ቤት የመጣ ነው። «ስቴክ» ደግሞ «ችካል» ተብሏል። ኢቴሪየም የተባለው ብሎክቼይን እንደ ፈረንጆቹ ከመስከረም 2022 ጀምሮ የሚሠራበት «ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ» በዚያ ጥራዝ «የችካል ማረጋገጫ» ሆኖ አረፈው። በሬ ይታሰርበት እንደሁ እንጃ። ነገሩ ገንዘብ አስይዞ ግብይት ማረጋገጥ ነው። ያጭበረበረ ካስያዘው ላይ ይቆረጥበታል፤ ቅጣቱን «ስላሺንግ» ይሉታል።

አስተማሪውን «ስሊፔጅ ምንድን ነው?» አልኩት። «መንሸራተት» አለኝ። «ገበያ ላይ ማን ነው የሚንሸራተተው?» ስለው ሰዓቱን አየ። ስሊፔጅ ማለት ልትገዢ ስትጫኚ ያየሽው ዋጋና ግዢው ሲፈጸም ያገኘሽው ዋጋ ልዩነት ነው። ይህቺን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ብሬን ልጠይቅ ወርጄ እንግዳ መቀበያዋ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ደረሰኙ ላይ አለልህ» አለችኝ። አየሁት። ታች በደቃቁ «ኖን ሪፈንደብል» ይላል። ከጥራዙ ሁሉ በትክክል የተጻፈው እንግሊዝኛ እሱ ነበር።

2. ቃል ብቻውን አታጥኚ። ከነተከታዩ ያዢው። ጠያቂዎቹ የሚያዩብሽ ቃሉን ማወቅሽን አይደለም፤ ከምን ጋር እንደምትገጥሚው ነው። አንድ ስቴብልኮይን፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ቶክን ማለት ነው፣ «ፔግድ ቱ ዘ ዶላር» ነው፣ «ዊዝ» አይደለም። መጠባበቂያ ካለው «ባክድ ባይ» ትያለሽ። ዋጋው በዶላር ሲተመን «ዲኖሚኔትድ ኢን» ነው። መያዣ ስታስይዢ «ፖስት ኮላተራል»፣ ገንዘብ ለመገበያያ ቋት ስትሰጪ «ፕሮቫይድ ሊኩዲቲ»። በግንቦት 2014 ዩኤስቲ የተባለው የቴራ ስቴብልኮይን ሲንኮታኮት «ኢትስ ፕራይስ ፌል» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ ግን የውጭ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። የውስጥ ሰው «ኢት ሎስት ኢትስ ፔግ» ይላል።

የሚያውቋቸው የሚመስሉ ቃላት ደግሞ ከማያውቋቸው ይከፋሉ። «ከስተዲ» እኛ ዘንድ በቁጥጥር ስር መዋል ነው፤ እዚያ የዋሌቱን ቁልፍ ማን ይዞልሻል ነው ጥያቄው። በመጀመሪያው ኢንተርቪዬ «ትረስትለስ» ጉድ ሠራኝ። ዲፋይ ለምን በአገራችን እንዳልተስፋፋ ሲጠይቁኝ «ቢኮዝ ኢት ኢዝ ትረስትለስ» አልኩ፤ የማይታመን ነው ማለቴ ነበር። ሰውየው ፈገግ አለ። ማንንም ማመን ሳያስፈልግ የሚሠራ ማለት ነው ለካ፤ ለእነሱ ትልቁ ሙገሳ እሱ ነው። ነቅፌ መስሎኝ ሳሞግስ ቆየሁ። አልደወሉልኝም።

3. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዚህ ብዬ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

በ2015 ለአንድ የውጭ ፕሮጀክት ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር። ክፍያው ዩኤስዲቲ በሚባለው የዶላር ስቴብልኮይን ስልኬ ላይ ባለው ዋሌት ይገባል። የመጀመሪያው 140 ዶላር ነበር። በገባ በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ለተርጓሚዎች ቦነስ አለ የሚል ሊንክ መጣ። ከፈትኩት፣ ዋሌቴን አገናኘሁ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ አለ፦ «አላዋንስ፦ አንሊሚትድ»። ከስሩ ሰማያዊ ቁልፍ፣ «አፕሩቭ»።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ጭንቅላት ነው ያነበበው። አላዋንስ አበል ነው። ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ስንት ፊርማ ለቅመን፣ ወር ጠብቀን የምናገኘው አበል። አንሊሚትድ ደግሞ ገደብ የሌለው። አፕሩቭ ማጽደቅ። በስምንት ዓመት ውስጥ የራሴን አበል ራሴ እንዳጸድቅ ተፈቅዶልኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ተጫንኩት።

በዲፋይ እንግሊዝኛ «አፕሩቭ» ማለት ለአንድ ስማርት ኮንትራክት፣ ብሎክቼይን ላይ ራሱን ችሎ ለሚሠራ ፕሮግራም፣ «ከዋሌቴ ይህን ቶክን መውሰድ ትችላለህ» ብሎ ፈቃድ መስጠት ነው። «አላዋንስ» እስከ ስንት ድረስ እንደሚወስድ የሚወስነው ጣሪያ ነው። «አንሊሚትድ» ካልሽ ዛሬ ያለውንም ነገ የሚገባውንም ሰጥተሻል። ራሴ አጽድቄ ራሴ ተኮነንኩ። ቡናዬን ሳልጨርስ ዜሮ።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ። ደንግጬ «ዲስኮኔክት» የሚለውን ተጫንኩና ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ። በአስራ ዘጠነኛው ቀን ሁለተኛው ክፍያ ገባ፣ 90 ዶላር። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ነዘረ። የመጀመሪያው መግባቱ፣ ሁለተኛው መውጣቱ ነበር። ዲስኮኔክት ድረ ገጹ አድራሻሽን እንዳያይ ነው የሚያደርገው። የሰጠሽው ፈቃድ ብሎክቼይኑ ላይ ተጽፎ እንዳለ ነው፤ እንግዳውን እስከ በር ሸኝተሽ ቁልፉን ሳትቀበዪው እንደመግባት። ማወቅ የነበረብኝ ቃል «ሪቮክ» ነበር፣ ፈቃዱን መሻር። እሱም የኔትወርኩን ክፍያ፣ ጋስ የሚሉትን ይፈልጋል፤ የሄደውንም አይመልስም። ዲስኮኔክትና ሪቮክ ልዩነታቸው ምንድን ነው ብለው ከጠየቁሽ እኔን አስቢኝ፣ 90 ዶላር ነው።

ለአንድ ቢሮ አመለከትኩ። ሦስት ክፍል አዞሩኝ። በመጨረሻው ክፍል ያለው ሰውዬ ማመልከቻዬን እያነበበ «ማን ነው ያጸደቀው?» አለኝ። «እኔ።» «እንግዲያ ማንን ልያዝልህ፣ አንተን?» ከጎኑ ያሉት ሳቁ። ቀጥሎ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በ2014 ማስጠንቀቁን አነሳብኝና ጭራሽ እኔ ተጠያቂ ልሆን ሆነ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። ባለጌ ነበር፣ ማስጠንቀቂያውን ግን ከኪሱ አላመጣውም። አንቺም በባንክ በኩል የሚከፍሉሽ መሆኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። የሌባው የዋሌት አድራሻ እስከ ዛሬ ይታየኛል። አርባ ሁለት ፊደልና ቁጥር፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። በእኛ አገር ከብት ሲጠፋ አገሬው አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ አንዱ ሌላውን ጠቁሞ ሌባው ይወጣል። እዚያ ከብቱም ዱካውም ይታያል፣ ሰውየው ግን የለም። ለዚህ «አኖኒመስ» አትበዪ፤ ትክክሉ «ሱዶኒመስ» ነው። ስም አልባ ሳይሆን በሌላ ስም የሚንቀሳቀስ ነው። ይህን ልዩነት በሁለተኛው ኢንተርቪው ስናገር ጠያቂዋ ስትጽፍ አየኋት።

አራተኛው ምክሬ ከዚያው ኢንተርቪው ይወጣል። ምሳሌሽን ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። «ኢምፐርማነንት ሎስ» ምን እንደሆነ አስረዳ አሉኝ። በጤፍ አስረዳሁ። (አንደኛው «ጤፍ ምንድን ነው?» አለ። እሱም ሁለት ደቂቃ ወሰደ።) ቋት ውስጥ 10 ኩንታል ጤፍና 100,000 ብር አስቀመጥሽ እንበል። የቋቱ ደንብ ሁለቱ ሲባዙ ምንጊዜም 1,000,000 ይሁኑ ነው። የኩንታሉ ዋጋ 10,000 ነበር፣ አይበለውና 40,000 ገባ። ነጋዴ ከቋትሽ ርካሹን ጤፍ እየወሰደ ብር ይጨምራል፤ ዋጋው ከገበያው ሲስተካከል 5 ኩንታልና 200,000 ብር ይቀርሻል። በድምሩ 400,000። ጎተራ አስቀምጠሽው ቢሆን 10 ኩንታሉ 400,000፣ ብሩ 100,000፣ ግማሽ ሚሊዮን ነበር። አገኘሁ እያልሽ 100,000 ጎደለሽ፤ ከተገበያዮች የሚሰበሰበው ክፍያ ካላካካሰልሽ ማለት ነው። «ኢምፐርማነንት» የተባለው ዋጋው ወደ 10,000 ከተመለሰ ጉድለቱ ስለሚጠፋ ነው። አሁኑኑ ካወጣሽው ግን ያው ጉድለት ነው። አንቺ አካውንታንት ነሽ፣ በወረቀት ሥሪው።

«ሊኩዴሽን»ን በወለድ አገድ አስረዳኋቸው። በወለድ አገድ አበዳሪው መሬትሽን እያረሰ ይቆያል፤ ብሩን ስትመልሺ መሬቱ ይመለሳል፣ መሐል ሽማግሌ አለ። በዲፋይ ግን ተበድረሽ ያስያዝሽው ዋጋ ከተወሰነለት መጠን በታች ከወረደ ኮንትራክቱ ሳይጠይቅሽ እንዲሸጥ ያደርጋል። ሌሊትም ቢሆን፣ ፋሲካም ቢሆን። ሥራውን አገኘሁት። ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ክፍያው በባንክ ነው።

የሰፈር ቃላትን ለኢንተርቪው አታምጪ። «ሆድል» የሚሉት በ2013 በፈረንጅ አቆጣጠር ውስኪ የቀማመሰ ሰው «ሆልድ» ሲጽፍ የሳተው ነው። ያስቃል፣ ሥራ ግን አያስቀጥርም። የሚነበብ ከፈለግሽ የቢትኮይንን ኋይትፔፐር፣ የመነሻ ጽሑፉን ማለት ነው፣ አንብቢ። ዘጠኝ ገጽ ናት፣ እንግሊዝኛዋ ንጹሕ ነው። «ትረስት» የሚለውን ቃል ባየሽበት ሁሉ አስምሪበት፤ እኔ የወደቅሁበትን ቃል ከነምክንያቱ ታገኚዋለሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢ። ቤተሰብ ያበደች ይመስለዋል፣ ይለመዳል።

ለአንድ ቃል አንድ ገጽ የሰጠሁበት ደብተር አለኝ። ከላይ ዓረፍተ ነገሩ፣ መሐል ምን ማለት እንዳልሆነ፣ ከስር የጎጃም ምሳሌ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬ ማታ መብራት ካለ ፎቶ እያነሳሁ እልክልሻለሁ። ገጽ 14 ላይ ቡና ስለፈሰሰበት አይነበብም። ስሊፔጅ ነው፣ እሱን ከላይ ነግሬሻለሁ።