ለእናት ሲቲ ስካን ብር ለምትልኩ የወሎ ልጆች

«ስልኩን ለማሽኗ ሴትዮ ስጫት!»

በቀደም ደሴ ላይ፣ የሲቲ ስካን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነው። ተናጋሪዋ ጂዳ ናት፤ በኢሞ። እናትየው ከደላንታ ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት። ራስ ምታቱ ሁለት ወር አልፎታል። ታናሽ ልጃቸው ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ ይዛለች። የማሽኗ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ተቀበልኳት። «እህቴ፣ ብሩ ደርሷል አይደል? ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አንሺልኝ። ምንም እንዳትተዪ።»

መሳቅ አልቻልኩም። እኔም እሷን ነበርኩ። አሜሪካ 11 ዓመት ሲቲ ስካን ሳነሳ ኖሬ ነው የተመለስኩት። እዚያ ሳለሁ አባቴ ታመመ። ሙያው ውስጥ ሆኜ እንኳ በስልክ እንደሷ ነው የጮህኩት። ስለዚህ ልቆጣችሁ አይደለም የምጽፈው። ከበሩ በዚህኛው በኩል ሲታይ ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንግባባ። ሐኪሙ ያዛል። እኔ አነሳለሁ። የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ ነው። እኔ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት እንጂ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ግን ነጭ ጋውን ያጠለቀ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆየ። ሥራዬ ሰውየውን በትክክል ማስተኛት፣ የደም ሥር ማግኘት፣ ሐኪሙ ለጠየቀው ጥያቄ የሚስማማውን አነሳስ መምረጥ፣ ከዚያ በተቻለ መጠን በትንሽ ጨረር ጥርት ያለ ምስል ማውጣት ነው። ማዘዣው ላይ «ራስ» ካለ ራስ ነው። ብር ስለተላከ ደረትና ሆድ አልጨምርም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የፊቴ ነገር ነው። ምስሉ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ዓመታት ስታይ የኖረች ዓይን የጭንቅላት ደም መፍሰስ አይጠፋትም። ልጆቹ ደግሞ በር ላይ ቆመው ፊቴን ያነባሉ። የወሎ ሰው ፊት ማንበብ ይችልበታል፤ ቡና ዙሪያ ነዋ ያደገው። ክፉ ነገር ሳይ ለሐኪሙ ወዲያው እደውላለሁ። ከዚያ ወጥቼ «አልቋል፣ ውጤቱን ሐኪሙ ይነግራችኋል» እላለሁ። «አብሽሩ» ማለት ይቃጣኛል። እተወዋለሁ። ያቺን ቃል ከሰሙ ደህና ናቸው ብለው ነው የሚሄዱት።

እናንተም ትደውሉና «ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፣ ምን ታየሽ?» ትሉኛላችሁ። ጨክኜ አይደለም ዝም የምለው። አንዴ እዚያው አሜሪካ ለአንድ ወገኔ አዝኜ «ምንም ያለ አይመስለኝም» ብዬው ነበር። በማግስቱ ራዲዮሎጂስቱ አንድ ትንሽ ነገር አገኘ። ሰውየው ደውሎ «ምንም የለም ብለሽኝ አልነበር?» ሲለኝ የነበረው ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የእናንተን ስልክ ሲጠብቅ የሚባክን ሰዓት አለ።

አባት ጠዋት ሲነሱ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። አንድ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ምላሳቸው ተሳስሯል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሪያድ ይደውላል። እናንተ ወይ ተኝታችኋል፣ ወይ ሥራ ላይ ናችሁ። እስክታነሱ፣ ብር እስኪላክ፣ ባንክ እስኪከፈት፣ አጎት እስኪጠየቅ ድረስ እኩለ ቀን ይሆናል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ማንም ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ የምትወስኑትም እናንተ ናችሁ ብለው ነው።

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ የደም ሥር ተዘግቷል፣ ወይ ፈንድቷል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ግን ሌላውን ሊገድል ይችላል። ሁለቱን ቶሎ የሚለየው ሲቲ ነው። ምስሉን የሚያጎላው ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ እንኳ አያስፈልገውም፤ አልጋው ላይ ከተኙ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ ደግሞ፣ መስጫ ጊዜው ምልክቱ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከተንታ ወይም ከደላንታ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ብቻውን ይህን ሊጨርሰው ይችላል። የእናንተን ስልክ መጠበቅ ሲጨመርበት አስቡት።

እና ዛሬ፣ ሁሉም ደህና እያለ፣ አንድ ሰው ምረጡ። ወንድምም ጎረቤትም ይሁን። መነሻ የሚሆን ብር እሱ ጋ አስቀምጡ። «ሳትደውልልኝ ውሰዳቸው፣ ከሆስፒታል ትደውላለህ» በሉት። ሁለተኛ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆነው የታዩበትን ሰዓት እንዲይዝ ንገሩት። «ጠዋት ነው» አይበቃም። ተኝተው ከነበረ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ? ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሦስተኛ፣ በስልክ «አስፕሪን ስጧቸው» እንዳትሉ። ደም እየፈሰሰ እንደሆነ እናንተም አታውቁም፣ እኔም ሳላነሳ አላውቅም።

ቀጥሎ የኪኒን ነገር። ለአንዳንድ ምርመራ በደም ሥር ኮንትራስት እንሰጣለን፤ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ስንት የተከበሩ አባት ከማሽኑ ወርደው በኀፍረት ሱሪያቸውን ሲዳብሱ አይቻለሁ! ምንም የለም፣ ስሜቱ ብቻ ነው። ኮንትራስቱ የሚወጣው ግን በኩላሊት ነው። ስለዚህ ክሬአቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ስንጠይቅ «ብር ለማስወጣት ነው» አትበሉ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነና ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ፣ ሐኪሙ ለ48 ሰዓት ሊያቆመው ይችላል። የሚያቆመው ሐኪሙ ነው እንጂ እናንተ በዋትሳፕ አይደላችሁም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አዛውንቶቻችን አይናገሩም። አሜሪካ ሳለሁ አንዲት ያገሬ እናት መጡልኝ። ቅጹ ላይ እንዳለው «ስኳር አለብዎት?» አልኩ። «የለብኝም።» «መድኃኒት ይወስዳሉ?» «አልወስድም፣ ተመስገን።» ሊወጉ ሲሉ ቦርሳቸው ተከፈተ፤ አራት ዓይነት ኪኒን! አንዱ ሜትፎርሚን ነው። «ስኳሬማ ወርዶልኛል፣ ድኛለሁ» አሉኝ። አልዋሹኝም። አጠያየቄ ነበር መጥፎ። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት ሲነሱ ምን ምን ይውጣሉ?» ነው የምለው። እናንተ ደግሞ ከውጭ የላካችሁትን ኪኒን እዚህ ያለው ሐኪም አያውቀውም። በሰው እጅ ነው የደረሰው፣ ካርዳቸው ላይ የለም። በእናታችሁ ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ፣ ከነማሸጊያው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይምጣ። ከዚህ በፊት ኮንትራስት ተሰጥቷቸው አሳክኳቸው ወይም አብጠው ከሆነም ይነገረን።

የጾም ነገርም አለ። ወሎ ነውና በአንድ ቤት ውስጥ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም አለ። ከትናንት ጀምሮ ውኃ ያልቀመሱ ሰው ኮንትራስት ሊወስዱ ይመጣሉ። የደረቀ ሰውነት ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። ቀጠሮ ስትይዙ ጾመኛ መሆናቸውን ንገሩን፤ የማያስቸኩል ከሆነ ቀኑን እናዞረዋለን።

ወደ ጂዳዋ ልጅ ልመለስ። «ሙሉ ሰውነት» የሚለው ጥያቄ ከሁላችሁም ይመጣል። ይገባኛል። ርቃችሁ ስትኖሩ የምታደርጉት አንድ ትልቅ ነገር ያምራችኋል። ግን ሲቲ ጨረር አለው። ሁላችንም ከምድርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) እናገኛለን። የራስ ሲቲ 2 ያህል ነው። የሆድና የዳሌው 8 አካባቢ ይደርሳል፤ ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሲያስፈልግ አትፍሩት፣ ጥቅሙ ይበልጣል። ሳያስፈልግ ግን ለምን? ለሰባ ዓመት ሰው ከጨረሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጤነኛ ሽማግሌ ሙሉ ሰውነቱ ቢነሳ አንድ ነገር አይጠፋበትም፤ ኩላሊት ላይ የውኃ ከረጢት፣ ሳንባ ላይ ነጥብ። አብዛኛው ምንም አይደለም። ምንም አለመሆኑን ለማረጋገጥ ግን አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መመላለስ ይመጣል። ሰውየው ያለ በሽታው በሽተኛ ይሆናል።

የመጨረሻው የፎቶ ጉዳይ ነው። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፈው በስልክ ያነሱና በቴሌግራም ይልኩላችኋል። እናንተ እዚያ ላለው ሐኪም ታሳያላችሁ። እሱም በትሕትና «ግልጽ አይደለም» ይላችኋል። እንዴት ግልጽ ይሆናል? አንድ ምርመራ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች አሉት፤ ፊልሙ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። በዚያ ላይ እያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ ቁጥር ናት። መለኪያው ማሽኑን በፈጠረው በእንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ስም ይጠራል፤ የመጀመሪያውን ታካሚ ለንደን ላይ ያነሱት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ውኃ 0 ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1000። ራዲዮሎጂስቱ ቁጥሮቹን እያስተካከለ ያንኑ ምስል አንዴ ለአጥንት፣ አንዴ ለሳንባ፣ አንዴ ለአንጎል አድርጎ ያየዋል። የስልክ ፎቶ ላይ ቁጥሩ የለም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የቀረው።

ስለዚህ ሪፖርቱንና ዋናውን ምስል በሲዲ ወይም በፍላሽ ጠይቁ። ዲኮም በሉ፣ የዋናው ምስል ፋይል ስም ነው፤ ይገባቸዋል። ያን ዕለቱን ጠይቁ። የማሽኑ ማከማቻ ሲሞላ የቆየው ይጠፋል፤ ከስድስት ወር በኋላ «የእናቴን ምስል» ብላችሁ ብትደውሉ ምን ልበላችሁ? ሲዲውን ያዙና ከድሮው ራጅና ሪፖርት ጋር አንድ ቦታ ይቀመጥ። የዛሬውን ከአምናው ጋር ማስተያየት ከአዲስ ምርመራ የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ያቺ የጂዳዋ ልጅ ስልኩን አልዘጋችም ነበር። እማማን ራሳቸውን ብቻ አነሳኋቸው። ብረት ምስሉን ስለሚያበላሽ ጉትቻና ድሪያቸውን ቀድመው አውልቀው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ነበር። ከአልጋው ሲወርዱ ወደ ማሽኑ ቀዳዳ ዞረው አዩና «ልጄ እዚያ ውስጥ ሆኜ አየችኝ እንዴ?» አሉኝ።

«አላየችዎትም እማማ።»

«እሰይ» አሉ። ነጠላቸውን ፈቱ። ጉትቻውን አንድ በአንድ መለሱ፣ ድሪያቸውን አጠለቁ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ነው ለስልኩ እጃቸውን የዘረጉት።