በቤታችን ሰነድ ላይ የተጻፈው ክልከላ እንዴት ይነሣል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በሰሜን ቨርጂኒያ አሮጌ ቤት ገዝተን ሰነዶቹን ስናገላብጥ በ1940ዎቹ የተመዘገበ ውል አገኘን። አንዱ አንቀጽ ከቤት ሠራተኛ በቀር ነጭ ያልሆነ ሰው በቦታው እንዳይኖር ይከለክላል፤ ቀጣዩ ደግሞ ቦታው ከመኖሪያነት ውጭ እንዳይውል ይላል። እኔ አራት ሕፃናት በቤቴ ተቀብዬ ለማዋል አስቤያለሁ። ሁለቱንም ማስነሣት ይቻላል?
አንዲት አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ለፍተው በገዙት ቤት ሰነድ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳዝን እንረዳለን። ሁለቱ አንቀጾች በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍሩም በሕግ ዓይን ግን አንደኛው የሞተ፣ ሌላኛው ገና በሕይወት ያለ ሊሆን ይችላል።

በሴንት ሉዊስ ከተማ የሼሊ ቤተሰብ ቤት በመግዛቱ ጎረቤቶች በ1911 የተፈረመ ተመሳሳይ ውል ይዘው በከሰሱት ጊዜ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ፤ በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር አድልዎን ከለከለ። ጽሑፉ ግን ከመዝገብ አልጠፋም። ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቨርጂኒያ ሕግ መሠረት፣ ባለቤቱ በሕጉ የተዘጋጀውን የመሰረዣ ቅጽ ሞልቶ ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ማስመዝገብ ይችላል። «ለማይሠራ አንቀጽ ምን ያደክማል?» የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ቤቱን የሚወርሱት ልጆችዎ ከዚያ ቃል ጎን መሻሪያውን እንዲያነቡት ድካሙ የሚገባ ይመስለናል።

ይህ ቅጽ ግን ሁለተኛውን አንቀጽ አይነካም። የቨርጂኒያ የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ሕግ፣ የራስዎን ልጆች ሳይጨምር፣ እስከ አራት ሕፃናት የሚውሉበትን ቤት እንደ አንድ ቤተሰብ መኖሪያ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በካውንቲው በኩል ያለው መንገድ ቀላል ነው። በሰነዱ ላይ ያለው ክልከላ ግን የባለይዞታዎች የእርስ በርስ ውል በመሆኑ የካውንቲው ፈቃድ አይሽረውም፤ አንድ ጎረቤት ብቻውን ከሶ ሥራዎን ሊያሳግድ ይችላል። በመሆኑም ከምንም በፊት የውሉን የመጨረሻ ገጾች ይመልከቱ፤ የዚያ ዘመን ውሎች ብዙ ጊዜ የሚያበቁበትን ዘመን፣ አልያም በባለይዞታዎች ድምፅ የሚሻሻሉበትን መንገድ ይጠቅሳሉ። ሰፈሩ የባለንብረቶች ማኅበር ካለውና መተዳደሪያው ሌላ ካላለ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሻሻል ይቻላል። ማኅበር ከሌለ ግን ክልከላውን የማስከበር መብት ያላቸው ባለይዞታዎች መብታቸውን እንደተዉ የሚፈርሙት የመልቀቂያ ሰነድ ያስፈልግዎታል፤ እሱም በዚያው መዝገብ ቤት ይመዘገባል። ሰፈሩ ፈጽሞ ተለውጧልና ክልከላው ዓላማውን ስቷል ብሎ ፍርድ ቤት መሄድም አለ፤ ነገር ግን ማስረጃው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ነው። የጎረቤቶችዎን በር ከማንኳኳትዎ በፊት ሙሉውን ሰነድ ለአካባቢው የንብረት ሕግ ጠበቃ ያስነብቡ፤ የሕፃናቱንም ወላጆች እስከዚያ ድረስ ቀን አይቁረጡላቸው።