ስለ ድንጋይ አቧራ፣ ስለ ጭልጋ ከሰልና ስለ ባዜቃ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን "ድንጋይና ማዕድን ሥራ ላይ ያላችሁ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። እንዲህ ይዘንብብኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ለማታውቁኝ፦ ነዋሪነቴ ጎንደር ነው። ሁለት ዓመት ክሬሸር ላይ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በሥራ ቦታ ጤናና ደህንነት ተመርቄ በዚሁ ሙያ አለሁ። ስለዚህ መልሴ ግማሹ ከትምህርት ነው፣ ግማሹ ከገዛ ሳንባዬ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ አዘዞ በኩል ኮብል እንጠርባለን። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ እናስራለን። አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ሻሹ የሚይዘው የሚታየውን አቧራ ነው። የሚታየውን ደግሞ አፍንጫህም ይይዘዋል፤ ማታ ስትናፈጥ ይወጣልሃል። ጉዳት የሚያደርሰው ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ እንግዲህ አስበው።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ድንጋይ መቁረጫ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ማሽኑ ቆሟል፣ ልጆቹ ምሳ እየበሉ ነው። አየሩ ንጹህ ይመስላል። ቆርቆሮው ላይ ምስማር የበሳው ቀዳዳ አለ፤ የቀትር ፀሐይ በዚያ በኩል እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ ገብታለች። በዘንጉ ውስጥ አቧራው እንደ ጭስ ይርመሰመሳል። ከዘንጉ ውጭ ምንም አይታይም። ግን ያው አየር ነው። እንጀራው ላይም እዚያው ነው። ደቃቁ ብናኝ ማሽኑ ከቆመ በኋላ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል።

መፍትሔው መጀመሪያ ውሃ ነው። ጀሪካን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ በቀጭን ጎማ ምላጩ ላይ ይንጠባጠብ። ማሽኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ለውሃ የተሠራ መሆኑን ሳታረጋግጡ እንዳትሞክሩት። በመዶሻና በመሮ የምትጠርቡ ድንጋዩን አርጥባችሁ ጥረቡ፣ ነፋሱን ለጀርባችሁ ስጡ፣ በመካከላችሁም ራቅ ራቅ በሉ። ማስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ቦታ ግን ማስክ ታድሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ ያናድደኛል።

የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። የጎንደር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሲሊኮሲስ ከየት ይመጣል?

ጎበዝ። ሲሊኮሲስን ለማታውቁ፦ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ላይ ጠባሳ የሚጥልበት በሽታ ነው፤ ኳርትዝ ማለት ደግሞ ሲሊካ ነው። ልክ ነህ፣ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ከአሸዋ ድንጋይና ከግራናይት ጋር አይወዳደርም። ግራናይት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ኳርትዝ ሊሆን ይችላል፤ አሸዋ ድንጋይ ከዚያም ይብሳል። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ይሻላል። የመቃብር ሐውልት የምትሠሩ ጠይቃችሁኝ ነበር፦ እብነ በረድ ስትቆርጡና ግራናይት ስትቆርጡ አደጋው እኩል አይደለም። ከሁሉም የከፋው በፋብሪካ ተጨፍልቆ በሙጫ የሚጋገረው የኩሽና ጠረጴዛ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ናቸው። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች።

ግን "ባዛልት ነው" ብለህ አትተኛ። የባዛልትም አቧራ ቢሆን ብሮንካይተስ ያመጣል። ደግሞ የኛ ሰው አንድ ቦታ አይቆይም፤ ዛሬ ኮብል፣ በሚቀጥለው ዓመት ዋሻ ቁፋሮ።

ልጄ ድንጋይ መቁረጫ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ያስለዋል፣ ከስቷል። "ቲቢ ነው" አሉን። አቧራው ነው ወይስ ቲቢው?

እትዬ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሲሊካ የሳንባን ዘበኞች ይገድላል፤ ቲቢ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ሲሊኮሲስ ያለበት ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል። ስለዚህ መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ ያድርጉ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው። ለሐኪሙ ደግሞ "ሦስት ዓመት ድንጋይ ቆርጧል" ብለው ይንገሩ። ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል። ቲቢው ይድናል። ሲሊኮሲስ ግን መድኃኒት የለውም፤ ጠባሳው እዚያው ይቀራል። ወደዚያ ሥራ ባይመለስ ይሻላል፤ ከባድ ምክር እንደሆነ ይገባኛል።

ይህን ሁሉ ማን አጠናው? እኛ አገርስ የሚያጠና መሥሪያ ቤት አለ?

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። የማዕድን ሥራ ደህንነት የተጠናው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 1907 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞኖንጋ የሚባል የከሰል ማዕድን ፈነዳ። በይፋ የተቆጠረው ሟች ብቻ 362 ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የከሰል ጉድጓዶች ከ3,000 በላይ ሰው አልቋል። ከዚያ በ1910 መንግሥት የማዕድን ቢሮ አቋቋመ። ቢሮው ፒትስበርግ አጠገብ ብሩስተን ላይ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሆነ ብሎ ማፈንዳት ጀመረ። በዚያ ዘመን ጋዝ ሳይኖር የከሰል ብናኝ ብቻውን አይፈነዳም የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1911 ሕዝብ ሰብስበው አፈንድተው አሳዩ። ክርክሩ አለቀ።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? የኖራ ድንጋይ ዱቄት። በጉድጓዱ ግድግዳና ወለል ላይ ይነሰነሳል፤ ፍንዳታ ሲመጣ አብሮ ይነሳና ሙቀቱን ይውጠዋል። ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው።

ሌላም አለ። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያወቅነው ኤን 95 ማስክ የዘር ግንዱ ከዚሁ ነው የሚመዘዘው። የመተንፈሻ መከላከያዎችን ፈትሾ ማጽደቅ በ1919 የጀመረው ያው የማዕድን ቢሮ ነው። ሥራው ኋላ ናዮሽ ለሚባለው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ተላለፈ፤ ኤን 95 የሚለው ደረጃ በ1995 የወጣው በናዮሽ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ኮንግረሱ የማዕድን ቢሮው እንዲዘጋ ወሰነ። የጤናና ደህንነት ምርምሩ ግን ተርፎ ወደ ናዮሽ ገባ።

እኛ ጋ ማዕድኑን የሚያጠናው ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ነው፤ ድንጋዩን እንጂ ሳንባውን አይደለም። ለሳንባው ቅርባችን እዚሁ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ ዛሬ የአካባቢና የሥራ ጤና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው። ማኅበር ያላችሁ ሄዳችሁ "መጥታችሁ አቧራችንን ለኩልን" በሉ። ለመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ጭልጋ ከሰል አለ ይባላል። እዚያ ቁፋሮ ብንገባ ከምን እንጠንቀቅ?

አለ፤ ሊግናይት የሚባለው ለጋ ከሰል ነው። ለጋ ከሰል ክምር ሆኖ ሲቀመጥ ከውስጡ እየጋለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በትልቁ አትከምሩ፣ ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ፣ ከቤት አርቁ።

ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የውሃ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ይዛችሁ እንዳትወርዱ። የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለው ጋዝ አለበት፤ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል። ሻማ አውርዶ መሞከር የሚባለውም አያስተማምን። ሻማ ኦክስጅን ሲያንስ ይጠፋል እንጂ መርዙን አይነግርም፤ ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ የከሰል ጋዝ ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ ክብሪት ነው። አንድ ሰው ወድቆ ብታዩ ዘላችሁ አትግቡ። በየጊዜው የምንሰማው ያው ነው፤ አንዱ ይወድቃል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ ጎረቤቱ ይከተላል። የሚወርድ ሰው ገመዱን ከላይ አስሮ ይውረድ፤ ገመዱን የሚይዝ ሰውም ከላይ ይኑር።

ቤኒሻንጉል ወርቅ እናጥባለን። በገበቴ አጥበን በሜርኩሪ እንይዘዋለን፣ ከዚያ በመጥበሻ እናቃጥላለን። ጉዳት አለው?

በመጥበሻ? ወንድሜ፣ ምግብም ይሠራበታል እንዳትለኝ!

አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ይህ ነገር በ357 ዲግሪ ይፈላል። ወርቁ ይቀራል፣ ባዜቃው በእንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ አይታይም፣ አይሸትም። በሳንባ ገብቶ ወደ አንጎልና ኩላሊት ይሄዳል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ካለ ጠርጥሩ። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት አጠገቡ መድረስ የለባቸውም።

ካላችሁ ሬቶርት ተጠቀሙ። ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ነው፣ ከክዳኑ ቧንቧ ይወጣል፣ ቧንቧው በውሃ ይቀዘቅዛል። ከአረቄ ማውጫ በምንም አይለይም፤ እናቶቻችን የሚያውቁት ጥበብ ነው። አብዛኛው ባዜቃ ተመልሶ ስለሚጠራቀም እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ፤ ብርም ይተርፋችኋል። ሬቶርቱንም ቢሆን ከቤት ውጭ።

የተሻለው ግን ያለ ባዜቃ መሥራት ነው። ወርቅ 19 እጥፍ ውሃን ይከብዳል፣ ኳርትዝ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ። በደንብ ካጠባችሁና ጥቁሩን አሸዋ ካጠራችሁ የቀረውን ቦራክስ በሚባል ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ማቅለጥ ይቻላል። የፊሊፒንስ አነስተኛ አምራቾች ይህን ይሠሩበታል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሳይናይድስ?

ወርቅ የሚያሟሟ መርዝ ነው፤ በማኅበር ደረጃ አትንኩት። በኬሚስትና በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። ሳይናይዱ የተሟሟበት ውሃ ኖራ ገብቶበት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ10 በላይ ካልተጠበቀ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። በባዜቃ የተሠራበትን አፈር በሳይናይድ መድገም ደግሞ ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት እንዲቀሩ ከተባሉት የከፉ አሠራሮች አንዱ ነው፤ ሜርኩሪውን አሟሙቶ ወንዝ ይከተዋል።

ቀጣሪዬ "ማስክ የራስህ ጉዳይ ነው" ይለኛል። ሕግ የለም?

አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011። መከላከያ ማቅረብም ስለ አደጋው ማስተማርም የአሠሪው ግዴታ ነው። ችግሩ በማኅበር ተደራጅታችሁ የምትሠሩት ላይ ነው፤ ተቀጣሪ ስላልሆናችሁ አዋጁ ለእናንተ ብዙም አይደርስም። ከጋራ ገንዘባችሁ ራሳችሁ መድቡ።

ጋሼ፣ ወተት አቧራውን ያጥባል ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ስንቶቻችሁ እንደጠየቃችሁኝ! እኔም ክሬሸር ላይ ሳለሁ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ይሰጠን ነበር። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ። አይገናኙም። ወተቱን ለልጆቻችሁ ውሰዱላቸው። የሥራ ልብሳችሁን ግን ይዛችሁባቸው አትግቡ፤ አታራግፉት፤ እዚያው ሥራ ቦታ ውሃ ውስጥ ንከሩት።