የአንጎል ዕጢ ከአንጎል ውጭ ይዛመታልን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ግሊዮብላስቶማ በተባለ የአንጎል ዕጢ ታሞ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ወስዷል። ያን ጊዜ «ይህ ካንሰር ከአንጎል አይወጣም» ተብለን ነበር። አሁን ሌሊት የሚብስ የወገብ ሕመም ስለጀመረው ሐኪሙ የአከርካሪ ኤምአርአይ አዞለታል። ያኔ የተነገረን ስህተት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ስህተት አልነበረም፤ ነገር ግን «አይወጣም» ከሚሏችሁ «የሚወጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው» ቢሏችሁ ይሻል ነበር። ግሊዮብላስቶማ በዙሪያው ያለውን የአንጎል ክፍል ሰርስሮ በመግባት የሚታወቅ ክፉ ዕጢ ቢሆንም፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ንፍፊት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት ተዛምቶ የሚገኘው ከመቶ ታማሚዎች ከ2 ባነሱት ላይ ነው። ለዚህ ሲሰጥ የኖረው ምክንያት የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅነትና አንጎልን የሚሸፍነው ጠንካራ ስስ ሽፋን ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከ141 ታማሚዎች በ29ኙ ደም ውስጥ የዕጢውን ሕዋሳት አግኝቷል። ስለዚህ ሕዋሳቱ መውጣቱን ይወጣሉ፤ የሚቸግራቸው በሌላ አካል ውስጥ መደላደል ነው። በዚህ ዕጢ ከሞተ ሰው ኩላሊት ወይም ጉበት ተለግሷቸው፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ያው ዕጢ በተለገሳቸው አካል ላይ መብቀሉ፣ በጤነኛው ሁኔታ የሚያግደው በአብዛኛው የመከላከያ ኃይል እንደሆነ ያመለክታል።

ወደ ወንድምዎ ሕመም ስንመለስ፣ ሐኪሙ ምርመራውን ያዘዘው ይህን ብርቅ ነገር ብቻ አስቦ አይመስለኝም። ዕጢው አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በሚያጥበው ፈሳሽ ተጉዞ በኅብለ ሰረሰሩ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ይህ ከነርቭ ሥርዓት ሳይወጣ የሚሆን መዛመት ነው። ለአንጎል እብጠት ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ደግሞ አጥንትን ስለሚያሳሳ፣ ምንም ካንሰር ሳይኖር የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ኤምአርአይ እነዚህን ለመለየት ብዙ ይረዳል። አጥንቱ ላይ አጠራጣሪ ነገር ከታየ በመርፌ ናሙና ተወስዶ፣ የአንጎል ደጋፊ ሕዋሳት የሚሠሩት ጂኤፍኤፒ የተባለ ፕሮቲን መኖሩ በማቅለሚያ ይፈተሻል፤ ከሌላ ካንሰር የሚለየውም በዋናነት በዚህ ነው።

ለወንድምዎ የአንጎል ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ ተገጥሞለት ከሆነ ለሐኪሙ ያስታውሱ፤ ሕዋሳት በዚያ በኩል ሆድ ውስጥ የገቡባቸው አጋጣሚዎች አሉና።

ዕጢው አጥንት ላይ ቢገኝ እንኳ ሕመሙን የሚያስታግስ አጭር የጨረር ሕክምና አለ። ነገር ግን እግሩ ከዛለ፣ በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው ወይም ሽንት ካስቸገረው ኅብለ ሰረሰሩ እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል፣ የኤምአርአይ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።