ፎቶው ለተነሺው ይድረስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ሰሞን ባለፈ ቁጥር የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ላሊበላና ጎንደር ደርሶ የተመለሰ ሰው ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ሲያይ ወይ ይደሰታል፣ ወይ ይጽፍልኛል። የደብዳቤዎቹን ፍሬ ነገር ብቻ አስቀርቼ ለዛሬ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ከካሜራዬ ጋር አብሮ የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሆነው ሌንስ ለጉዞ ይበቃኛል? ወይስ ሦስት አራት ሌንስ ልያዝ? (ከአዳማ)

ይበቃዎታል። በ18 ተራራውን፣ በ55 ሰውን ያነሳሉ። የግድ አንድ ልጨምር ካሉ ኤፍ 1.8 የሚከፍተውን የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይግዙ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል)። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በጧፍ ብርሃንም ያነሳል። ብዙ ሌንስ የተሸከመ ሰው ሲፈታና ሲገጥም ታቦቱ ያልፈዋል።

ነጠላው ይታያል፣ የአያቴ ፊት ግን ይጠቁራል

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ወጣት ከብዙ ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብታ ደብረ ብርሃን ያሉትን አያቷን ስታነሳ ሰንብታለች። ካሜራዋ ደህና ነው። ነገር ግን በፎቶዎቹ ሁሉ ነጠላው ቦግ ብሎ የአያቷ ፊት ጨልሟል፤ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የካሜራው?» ትላለች።

የካሜራው ነው፤ ማረሚያው ግን ያለው በአንቺ እጅ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ የቆመውን ነገር አማካይቶ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጩን ነጭ፣ ጠይሙን ጠይም አድርጎ ማስቀረት የእሱ ሥራ አይደለም። ነጠላ ፎቶውን ሲሞላው መለኪያው ብርሃን እንደበዛ ይቆጥርና ይቀንሳል። ነጠላው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከመጀመሪያውም ጠይም የነበረው ፊት ግን አብሮ ወርዶ ጨለማ ውስጥ ይገባል።

ፈጣኑ መፍትሔ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ወደ መደመር አንድ እርከን መውጣት ነው። በጠራራ ፀሐይ ይህን ካደረግሽ ግን ፊቱ ይወጣና ነጠላው ይቃጠላል፤ ፈትሉም ጥለቱም ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት ቦታውን ቀይሪ። አያትሽን ከግቢው ፀሐይ አስነሺና ወደ ውጭ እያዩ በሩ ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጡ። አንቺ ግቢው ውስጥ ቁሚ። ከኋላቸው የቤቱ ጨለማ፣ ከፊታቸው የግቢው ለስላሳ ብርሃን ይሆናል። አሁን መለኪያውን አንዲት ነጥብ ብቻ ወደሚለካበት፣ ስፖት ወደሚባለው ስልት ቀይሪውና ጉንጫቸው ላይ ለኪ። መለኪያው ጉንጫቸውንም ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ ፊታቸው ከመልካቸው ነጥቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ከግማሽ እስከ አንድ እርከን ቀንሺ። ያን ጊዜ የአንገታቸው ንቅሳት አረንጓዴነቱ ይታያል፣ ማተባቸው ይለያል፣ የነጠላውም ጥለት አይጠፋም። ፋይሉንም በጄፔግ ብቻ ሳይሆን ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ሳያስተካክል በሚይዝበት በሮው አስቀምጪው፤ በኋላ ጥላውን ትንሽ ለማንሳት ይረዳሻል።

ይህ የቆየ በደል ነው። በቀለም ፊልም ዘመን ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት የኮዳክ ካርድ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አለቀ ይባላል፤ የእኛ ሰው ፊት ቢጨልም ጠያቂ አልነበረም። ዛሬ ግን የመለካቱም የማረሙም ሥልጣን የእኛው ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ኮምፒውተር ላይ ስታስተካክዪ የአያትሽን ፊት አታንጪው። ጠይምነታቸውን አብሪው እንጂ አትቀይሪው።

ጥሩ ፎቶ አሳጥቦ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ስንት ሜጋፒክስል ያስፈልጋል? የእኔ ካሜራ 24 ነው። (ከሐዋሳ)

ለኤ4 መጠን 9 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ያለዎት 24 ነው፣ ይተኙ።

ፀሐይዋን ሳነሳ ዋልኩ፤ አሁን የማየው ሁሉ መሐሉ ላይ ነጥብ አለው

ጅዳ የሚሠራ አንባቢ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ላይ ለሚያልፈው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለመለማመድ ብሎ በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ፀሐይን ሲያነሳ ውሏል። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ዓይኑ ሲያነብ ከፊደሉ መሐል ግራጫ ነጥብ ይጋርደዋል። አያመውም። የሚጠይቀኝ ግን ስለ ሻተር ፍጥነት ነው።

ወንድሜ፣ ሻተሩን ተወውና ዛሬውኑ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ነገ አትበል፤ «አያመኝም» ብለህም አትጽናና። የዓይን ብሌን ጀርባ ላይ ያለው ስስ ሽፋን የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል አይነግርህም። ያንተ ካሜራ ደግሞ መስታወት ያለው ነው። በማያ ቀዳዳው ስታይ በሌንሱ የተሰበሰበው የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ ተንጸባርቆ በቀጥታ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። በልጅነታችን በአጉሊ መነጽር ወረቀት እንደምናቃጥለው ነው። ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ ሙሉ በሙሉ የማይሻላቸውም አሉ። አንተ ከየትኞቹ እንደሆንክ የሚነግርህ ዓይንህን ከፍቶ ያየ ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም። ለሐኪሙ ያደረግኸውን ሳትደብቅ ንገረው።

ለሌሎቻችሁ፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሹን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የፀሐይ ማጣሪያው የሚገጠመው ከሌንሱ ፊት ነው። የግርዶሽ መነጽር ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ባልተሸፈነ ሌንስ ማየት አይከላከልላችሁም፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ላሊበላ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ዓይነት ቅንብር? (ከባሕር ዳር)

ከመጽሐፍ የተማሩት «ንጋትና ምሽት ላይ አንሳ» የሚለው ሕግ ቤተ ጊዮርጊስ ላይ አይሠራም። ሕንጻው ከዐለቱ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ዝቅ ያለ ፀሐይ ግድግዳው ድረስ አይወርድም። ምሽት 11 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል በወርቅማ ብርሃን ይደምቃል፣ ጉድጓዱ ግን ጥላ ነው። መስቀሉን ከፈለጉ በዚያ ሰዓት ከላይ ያንሱ። ግድግዳውንና መስኮቶቹን ከፈለጉ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል፣ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ይታገሡ።

ውስጥ ሲገቡ ጫማዎን እንደሚያወልቁ ሁሉ ፍላሹንም ያጥፉ። ጸሎት ያውካል፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በቤተ ማርያም ጣሪያውና ቅስቱ ላይ ያለውን ሥዕል ለማንሳት ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነውን አይኤስኦ ወደ 3200 ከፍ ያድርጉ፣ ጀርባዎን ዓምዱ ላይ ያስደግፉ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ። ቅዳሴ ላይ ግን ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መጋረጃው ወዳለበት አያዙሩት፤ ቄሱ ዝም ስላሉ ፈቀዱ ማለት አይደለም።

ደብቄ ላንሳ?

ራሱን የጉዞ ፎቶ አንሺ ብሎ ያስተዋወቀ የአዲስ አበባ አንባቢ አራት ገጽ ጽፎልኛል። ቅሬታው ባጭሩ፦ በየሄደበት ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩበታል፤ ደቡብ ኦሞ ሲወርድ ደግሞ በየፎቶው ገንዘብ ይጠይቁታል። ይህ «የፎቶውን ተፈጥሯዊነት ስለሚገድል» ሰዎቹ ሳያውቁ ከሩቅ የሚያነሳበት ረጅም ሌንስ ሊገዛ ነው። የትኛው ይሻላል ይላል።

የሌንሱን ዓይነት አልነግርዎትም። ለሰሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ ፈልገውት ቢሆን በደስታ እነግርዎት ነበር። ሰው ግን እንደ ዋልያ አይታደንም።

እስኪ እንዲህ ያስቡት። ፎቶ ቤት ገብተን ጉርድ ፎቶ ስንነሳ ገንዘብ እንከፍላለን፤ ፎቶውንም ይዘን እንወጣለን። የሙርሲዋ እናት ፎቶውን ይዛ አትሄድም። እርስዎ ወስደው ያሳዩታል፣ ይሸጡታል፣ ይመሰገኑበታል። እሷ ምን ይዛ ትቅር? ከእርስዎ በፊት የመጣው ቱሪስት ሁሉ አንስቶ መሄድን እንጂ መመለስን አላስለመዳትም። ዋጋ መጠየቋ የተገባ ነው፤ ዋጋው ካልተስማማዎት ካሜራውን ዝቅ አድርገው ተሰናብተው ይሂዱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ገብስ የሚሸጡ እናት አየሁ። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «አንሣ ልጄ። ያነሱኝስ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን መልኬን አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ያን ቀን ስማቸውንና የሚቀመጡበትን ቦታ ጽፌ ያዝኩ። አዲስ አበባ ስገባ አሳጥቤ አስቀመጥኩት፤ በዓመቱ ስመለስ ያው ቦታ፣ ያው ጣሳ፣ ያው ገብስ።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ራሳቸውን ለአፍታ አዩና ጣታቸው ወደ ፎቶው ጥግ ሄደ። ከኋላቸው ጌሾ ከምራ የተቀመጠች ሴት ነበረች፤ እኔ ሳነሳ ልብ አላልኳትም። «ይቺ እኮ ጎረቤቴ ናት። በጾሙ ዐረፈች። ልጆቿ ለሐዘኑ የሚያቆሙት ፎቶ አልነበራቸውም። ይቺን ለብቻ አሳድግልን» አሉኝ።

ማሳደግ አልተቻለም። ፎቶውን ያነሳሁት በዚያው ከላይ ላዳማው አንባቢ ባመሰገንኩት በ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ፣ ኤፍ 1.8 ላይ ከፍቼ ነበር። እንዲህ ሲከፈት ፎከስ ያረፈበት ፊት ብቻ ይጠራል፣ ኋላው ይሟሟል፤ ያምራል ስለተባለ ሁላችንም የምንወደው ነው። ሴትዮዋ ነጭና ቡኒ ጭጋግ ሆና ቀረች። የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ግማሽ ቀን ሞከረ፤ ያልተመዘገበውን ማን ያወጣዋል? ልጆቿ ይህንኑ ጭጋግ በፍሬም አድርገው ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ ኋላውም እንዲጠራ ቀዳዳውን አጥብቤ ኤፍ 8 ላይ ነው የማነሳው። ከኋላ የተቀመጠችውም ሰው ናት። እርስዎም ይህን ያድርጉ፦ ይጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ያመስግኑ። ያነሱትን ሰው ስምና ቦታ ይመዝግቡ። ካሜራው ጀርባ ላይ ማሳየት ብቻውን መስጠት አይደለም። ያሳጥቡ፤ መመለስ ካልቻሉ በአስጎብኚው ወይም በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይላኩ። ፖስታው ላይ የገበያውን ቀንና የሚሸጡትን ይጻፉ፤ «ገብስ የሚሸጡት» ብለው የላኩት ፖስታ ይደርሳል። በሁለተኛው ጉዞዎ ፊቱን የሚያዞርብዎት ሰው ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀንስ ያያሉ።

ከዳሎል ከተመለስኩ ወዲህ ሰማዩ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ (ከመቀሌ)

ሌንስ ሲቀይሩ ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በኤፍ 16 የበለጠ ይታያል፣ በኤፍ 5.6 ይደበቃል። በጎማ መንፊያ ይሞክሩ፤ በአፍዎ አይንፉበት፣ ጨርቅም አያስነኩት። ካልሄደ ለካሜራ ጠጋኝ ይስጡት። የዳሎል ጨው ብረት ይበላል፤ የካሜራውን አካልና የማቆሚያውን እግሮች እርጥብ ጨርቅ ይዘው ይጥረጉ፣ ቀጥሎ በደረቅ። በሚቀጥለው ጉዞ ሌንሱን ሆቴል ገጥመው ይውጡና እስኪመለሱ አይንኩት።

ድሮን ይዤ ብገባስ? (ከፍራንክፈርት)

ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይሞክሩት፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ነው፤ እሱን ይጠይቁ።

ካርዱ «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል

አንድ የደሴ አንባቢ መስከረም 21 አባቱን ይዞ ግሸን ማርያም ወጥቶ ነበር። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ተራራውን ሲወጡ፣ ጠበል ሲጠጡ፣ አምባው ላይ ሲያርፉ አንስቷቸዋል። በኅዳር አባቱ ዐረፉ። አሁን ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው አልከፈትም ብሎ ፎርማት እንዲያደርገው ይጠይቀዋል።

እግዚአብሔር ያጽናዎት። «አዎ» የሚለውን እንዳይጫኑ። ካርዱ አልከፈት አለ ማለት ፎቶዎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የትኛው ፎቶ የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ነው፤ ምስሎቹ በየቦታቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ለዘለቄታው የሚጠፉት ሌላ ነገር ሲጻፍባቸው ነው። ስለዚህ በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ አያንሱ። ከበይነ መረብ ያገኙትን ፕሮግራም ሁሉ እየጫኑ አይሞክሩ፤ የጎረቤት ልጅም «እኔ እችላለሁ» ቢልዎት አይስጡት። የጠፋ መረጃ ማስመለስ ሥራው የሆነ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ደሴ ካላገኙ አዲስ አበባ ድረስ ይሂዱ። ከመነካካቱ በፊት የካርዱን ሙሉ ቅጂ አውጥቶ በቅጂው ላይ እንዲሠራ ይጠይቁት። ይህን የማያደርግ ከሆነ ካርዱን ተቀብለው ይውጡ።

ለዛሬ ማታ በካርዱ ጎን ያለችውን ትንሿን መቆለፊያ «ሎክ» ወደሚለው በኩል ይግፏት። ከዚያ በፖስታ ያሽጉት፣ ላዩ ላይ የአባትዎን ስም ይጻፉበት።