ልጄን አውሮፓ አስፈርማለሁ የሚል ሰው ገንዘብ ጠየቀን

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ የግራ መስመር ተከላካይ። ካናዳ፣ ኤድመንተን ከገባን 3 ዓመት ሆነን። አንድ ወኪል ነኝ ባይ «አውሮፓ ክለብ አስፈርመዋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀን። እንክፈል?

መልስ፦ በፍጹም አይክፈሉ። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19፣ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ የሚታወቀው ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ ነው። ክለቡ ለአባት ሥራ ፈልጎ ቤተሰቡን ቢያመጣ ይህ አይሠራም።

የካናዳውን ተጫዋች አልፎንሶ ዴቪስን ይመልከቱ። ጋና ውስጥ በቡዱቡራም የስደተኞች መጠለያ ተወልዶ ያደገው እናንተው ከተማ ነው። የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ በሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) ከካናዳው ክለቡ ቫንኩቨር ዋይትካፕስ ጋር ተስማማ፤ ዴቪስ ግን የተሻገረው በኅዳር 18 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በጥር 2019 ነው። ያኔ የክንፍ አጥቂ ነበር! ተከላካይ የሆነው እዚያው ባየርን፣ የኋላ መስመሩ በጉዳት ሲሳሳ ነው። ስለዚህ ልጅዎን በአንድ ቦታ ብቻ አያስሩት።

አሁን የልጅዎን ሰነድ ያስተካክሉ። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር ተሳስቶ ከሆነ፣ ወይም ስሙ በፓስፖርቱና በልደት ምስክር ወረቀቱ የተለያየ ከሆነ፣ የተጫዋችነት ምዝገባው እዚያ ላይ ይቆማል።